የሰመመን ማሽንና ሞኒተር ደብረ ማርቆስ ላይ ሲተከል

አዲስ የመጣም ሆነ ከፍኖተ ሰላም የተዛወረ የሰመመን ማሽን በራሱ እንዲሠራ ከመተዉ በፊት ከከፍታው ጋር መስማማት አለበት። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ወደ 565 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ ባሕር ወለል ላይ 760 ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣም ቢሆን እንደገና ይስተካከላል፤ እዚያ 1,900 ሜትር ገደማ ነው።

መጀመሪያ የኦክስጅን ሴንሰሩ። ከሰርኪዩቱ (ታካሚው ከሚተነፍስበት የቱቦ መስመር) ነቅላችሁ ለክፍሉ አየር አጋልጡት፤ ንባቡ ሲረጋ በ21 በመቶ ካሊብሬት አድርጉት (ንባቡን አስተካክሉት)። ግፊት የማያካክስ ሴንሰር ባሕር ወለል ላይ እንደተስተካከለ ከቀረ እዚህ ንጹሕ አየርን 16 በመቶ ገደማ ብሎ ያነባል። ካሊብሬሽን እምቢ ካለ የሴንሰሩ ሴል አልቋል፤ ማሸጊያው ተከፍቶ መጋዘን የቆየም ሳይሠራ ያልቃል። ንባቡ ቢስተካከልም ባሕር ወለል ላይ 30 በመቶ የሚሠራውን እዚህ የሚሠራው 40 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቬፖራይዘሩ ላይ፣ ማለትም ፈሳሹን የሰመመን መድኃኒት ወደ ጋዝ በሚለውጠው ክፍል ላይ ነው። የተለመደው የኢሶፍሉሬንና የሃሎቴን ቬፖራይዘር ከፍታውን ራሱ ያካክሳል፤ መደወያውን ለከፍታው ብላችሁ አትጨምሩ። የዴስፍሉሬኑ ግን ይጨመራል። ማሽኑ የትንፋሽ መጨረሻ ጋዝ እየለካ መጠኑን በራሱ የሚወስን ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ባሕር ወለል ላይ 1.15 በመቶ ኢሶፍሉሬን የሚበቃው ታካሚ እዚህ 1.55 ያስፈልገዋል። ማሽኑ ግፊቱን እንደሚያሰላ ከመመሪያው አረጋግጡ፤ ካላሰላ ዒላማውን እናንተ ከፍ አድርጉ። አለበለዚያ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ያነሰ ሰመመን ይሰጣል፤ ዒላማው ስለተመታም አላርሙ አይጮህም።

ካፕኖግራፉን (በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካውን) በሚሊሜትር ሜርኩሪ አድርጉት። በመቶኛ ከተተወ 38 ሚሊሜትር 6.7 ሆኖ ይታያል፤ 5 የለመደ ዐይን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛ መስሎት ቬንትሌተሩን ያፋጥናል።

የደም ግፊት መለኪያው ማሰሪያና የጣት ሴንሰሩ አንድ ክንድ ላይ አይዋሉ፤ ማሰሪያው በተነፋ ቁጥር የሐሰት አላርም ይጮሃል፣ ሲሰለችም ሰው ድምፁን ይዘጋዋል። ግፊት በየ5 ደቂቃው ይለካ፤ ከስፓይናል (በጀርባ በኩል ከሚሰጥ ሰመመን) በኋላ መጀመሪያ ላይ በየ2 ወይም 3 ደቂቃው።

ጠዋት ጠዋት ዋዩን (ቱቦዎቹ ታካሚው ጋ የሚገናኙበትን የY ቅርጽ ጫፍ) ዘግታችሁ ሰርኪዩቱን እስከ 30 ሴንቲሜትር ውኃ ሙሉት፤ 10 ሰኮንድ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉና ባትሪው መሥራቱን እዩ፤ መብራት በቀዶ ጥገና መሐል ሲሄድ መፈተኛ ጊዜ የለም። አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) እና ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ቁልፉ አብሮት፣ ከማሽኑ ጎን ይቀመጡ።