ብርቱካን፣ ገመድና ደብተር ይዛችሁ ወደ ወንዝ ውረዱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኮምቦልቻ ከሰፈራችን በታች የምታልፍ አንዲት ጅረት መልኳ ተለወጠ። አቤት ለማለት ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። «በፊት ምን ትመስል ነበር?» አሉን። በቃል ተናገርን። በወረቀት የያዝነው ነገር ግን አልነበረም። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ገና ያልተነኩትን ጅረቶች መመዝገብ ጀመርኩ። አካሄዱን የወሰድኩት ከአሜሪካኖች ነው። በ1961 ዓ.ም (በፈረንጅ 1968) በስምንት ወንዞች የጀመረ የወንዝ ጥበቃ ሕግ አላቸው። ሕጉ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ውሃው ሳይገደብ ይፈሳል ወይ? ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገርስ አለው ወይ? መልክዓ ምድሩ ሊሆን ይችላል፤ ዓሣው፣ ታሪኩ ወይም ባህሉም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ልዩ ነገሮች አንዱ ይበቃል። ሕጉ የእነሱ ነው፤ ጥያቄው ግን ለእኛም ይሆናል።

ባለፈው ጥር ከየጎፍ ደን የምትወርድ ጅረት ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች በእግር ሂዱ። ወንዝን በጅምላ አትገምግሙ፤ ቆራርጡት። ላይኛው ንጹሕ ሆኖ ታችኛው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ውሃው ወደ ማሳ የሚጠለፍበትን፣ አሸዋ የሚወጣበትን፣ ቱቦ የሚገባበትን ጻፉ። አንድ የገበሬ ቦይ አያችሁ ብላችሁ ግን ወንዙን አትጣሉት። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ትንሽ ጠለፋ ስላለ ብቻ ወንዙን አይሰርዙም።

ቀጥሎ ውሃውን ለኩ። ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉና 10 ሜትር በገመድ ለኩ። ብርቱካን ጣሉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ብርቱካን ከግማሹ በላይ ስለሚሰምጥ ነፋስ እንደ ቅጠል አይገፋውም። የእኔ 20 ሰከንድ ፈጀ፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሦስቱን አባዙ። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 አባዙት። በሰከንድ 170 ሊትር ወጣልኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ።

አሁን ድንጋይ ገልብጡ። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። እንደ እጅ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ቀስ ብላችሁ አንሡና ሥሩን ነጭ ሳህን ላይ በውሃ እጠቡት። ሦስት ክር የመሰለ ጅራት ያለው፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ስንጥቦች የሚያርገበግብ ጠፍጣፋ እጭ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ውሃው አየር አለው ማለት ነው። የአሸዋ ቅንጣት በራሱ ላይ ለጥፎ ቤት የሠራም ይገኛል። እነዚህ ጠፍተው ጭቃው ውስጥ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከበዙ ግን ውሃው ታፍኗል። ስትጨርሱ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።

ልዩ የሆነውን ነገር ለማወቅ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም። እኔ ደብተሬ ላይ «ውብ ቦታ» ብዬ ጽፌ ነበር። ውብ ማለት ማስረጃ አይሆንም። በሬ የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «አባባ፣ ይቺ ውሃ ደርቃ ታውቃለች?» አልኳቸው።

«አብሽሪ የኔ ልጅ፣ በ77ቱ እንኳ አልከዳችንም» አሉኝ።

ሰርዤ ይሄንኑ ጻፍኩ። ያው ውሃ ሙስሊሙ ውዱእ የሚያደርግበት፣ ክርስቲያኑ ጥምቀት የሚወርድበት መሆኑንም የሰማሁት ከሳቸው ነው። ሁለት ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ ወንዶችንም፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችንም።

ከዚያ መደቡን ወስኑ። አሜሪካኖቹ ሦስት አላቸው። በእግር ካልሆነ የማይደረስበት፣ አልፎ አልፎ መንገድ የሚነካው፣ መንገድና ግንባታ የተጠጋው። የኔዋ ጅረት ላይኛው ክፍል አንደኛው ውስጥ ይገባል፤ አስፋልት አጠገብ ያለው የቦርከና ወንዝ ክፍል ሦስተኛው ውስጥ። ሦስተኛ መሆን ውድቀት አይደለም፤ ያም ይጠበቃል።

እነሱ ሲያጠኑ ከወንዙ ግራና ቀኝ 400 ሜትር ገደማ ያያሉ። ይሄን እንዳለ አታምጡት። እኛ ጋ 400 ሜትር የስንት ሰው ማሳ ነው! መስመር ከማስመራችሁ በፊት ባለማሳውን አነጋግሩ። ያልተስማማበት ጥበቃ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ሪፖርቱን በሦስት ቅጂ አድርጉት፤ አንድ ለቀበሌ፣ አንድ ለትምህርት ቤት፣ አንድ ለራሳችሁ። ፎቶ ሁሌም ከአንድ ቦታ አንሡ፤ ቀኑንም ጻፉበት። እኔ የምቆመው ሾላው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። የጥር ወሩን ፎቶ ይዣለሁ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ብርቱካኔን ይዤ እመለሳለሁ።