በተርሚናል ኢሜይል እንዴት ማንበብና መላክ እንደሚቻል

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ኢሜይልን በብራውዘር መክፈት ትዕግስት ያስጨርሳል። አንዲት አጭር መልእክት ለማንበብ ገጹ ከነምስሉ፣ ከነማስታወቂያው እስኪጫን መጠበቅ ግድ ነው። በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ የኢሜይል ፕሮግራም ግን የሚያሳየው ጽሑፍ ብቻ ነው። መልእክቱን መክፈታችሁን ለላኪው የሚያሳብቅ ስውር ምስል ቢኖርበትም አይጫንም። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ መልመዱ ይጠቅማል እላለሁ።

ለጀማሪ የምመክረው አልፓይንን ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓይን የተባለውን የቀድሞ የኢሜይል ፕሮግራሙን እንዲተካ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ትልቁ ጥቅሙ ትእዛዝ በቃል መያዝ አያስፈልግም። የትኛው ፊደል ምን እንደሚሠራ ከስክሪኑ ግርጌ ሁልጊዜ ተጽፎ ይታያል።

በኡቡንቱና በዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አልፓይን» የሚለው ትእዛዝ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይጭነዋል። ማክ ላይ ሆምብሩ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ይገኛል። ከዚያ ተርሚናል ላይ ስሙን በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ይከፈታል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ጋ ነው። ከዋናው ሜኑ ኤስን፣ ቀጥሎ ሲን ተጫኑ። የሴቲንግ ዝርዝር ይመጣል። «ፐርሰናል ኔም» ላይ ስማችሁን ሙሉ። «ኤስኤምቲፒ ሰርቨር» መላኪያው ነው። የኢሜይል አቅራቢያችሁን የመላኪያ ሰርቨር አድራሻ ጻፉ፤ ሳትለያዩ ሁለት ነጥብ (:) እና 587፣ ከዚያ ስላሽና «ቲኤልኤስ»፣ በመጨረሻ ስላሽ፣ «ዩዘር»፣ የእኩል ይሆናል ምልክትና ኢሜይላችሁን አስከትሉ። መሀል ላይ ባዶ ቦታ አይግባ። «ኢንቦክስ ፓዝ» ደግሞ መቀበያው ነው። እዚህ የአይማፕ ሰርቨሩን አድራሻ ትጽፉና ስላሽና «ኤስኤስኤል»፣ ከዚያ ያንኑ የዩዘር ክፍል ትቀጥላላችሁ። ፎልደር ሲጠይቃችሁ «ኢንቦክስ» በሉት። ኢ ፊደልን ተጭናችሁ ስትወጡ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ይላል፤ ዋይ በሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አልፓይን የላኪውን አድራሻ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ካላችሁ የመግቢያ ስም ተነስቶ ነው። ስሙ ከኢሜይላችሁ ጋር ካልገጠመ የምትልኩት ደብዳቤ በተሳሳተ አድራሻ ይሄዳል። ስለዚህ «ካስተማይዝድ ሄደርስ» በሚለው ቦታ «ፍሮም»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ትክክለኛ ኢሜይላችሁን ጻፉ።

ፓስወርድ ሲጠይቅስ? ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ የተለመደው ፓስወርድ እንቢ ይላል። መጀመሪያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ከዚያ ከጉግል አካውንታችሁ ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ አውጡና እሱን አስገቡ። ይህ ፓስወርድ ለማንም የማይሰጥ ነው። ከሌላ ሰው ጋር በምትጋሩት ኮምፒውተር ላይም ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ማንበቡ ቀላል ነው። አይ ፊደልን ስትጫኑ የመልእክቶቹ ዝርዝር ይመጣል። በቀስት ወርዳችሁ ኢንተር በሉ። አር መልስ ለመስጠት፣ ኤፍ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ነው። ቪ አባሪ ፋይሎችን ያሳያል። ዲ መልእክቱን አያጠፋውም፤ ለመጥፋት ምልክት ያደርግበታል እንጂ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ዩ ይመልሰዋል። ኤክስን ተጭናችሁ ካረጋገጣችሁ ግን አልፓይን ውስጥ መመለሻ የለውም።

ለመጻፍ ሲን ተጫኑ። የተቀባዩን አድራሻና ርዕሱን ሙሉና ወደ ታች ውረዱ። ፋይል ማያያዝ ካስፈለገ ከላይ የአድራሻው መስመሮች ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጫኑ። ደብዳቤው መሀል ሆናችሁ ብትጫኑት አንቀጹን ያስተካክላል እንጂ ፋይል አያያይዝም። ሥራ ቢያቋርጣችሁ ኮንትሮልና ኦ ረቂቁን ያስቀምጥላችኋል። ስትጨርሱ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ ዋይ፤ ደብዳቤው ሄደ።

የመጀመሪያውን ለራሳችሁ ላኩት። ሲደርስ የላኪው አድራሻ ትክክል መሆኑን፣ አማርኛውም በሳጥን ምልክት ሳይተካ መምጣቱን እዩ። አልፓይን ዩኒኮድን (አማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዘውን ሥርዓት) ያውቃል። ሳጥን ካያችሁ መጀመሪያ የተርሚናሉን ፎንት ቀይሩ። ሁሉም ከተስተካከለ በኪው መውጣት ትችላላችሁ።