ሙያ ቀይሮ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን የስልጠና መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ፣ ሱቅ ሲጠብቅ ወይም ሲያስተምር የቆየ ሰው ኤሌክትሪሺያን ለመሆን ሲያስብ ቶሎ የሚጠይቀው «የት ልመዝገብ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተራው ግን ገና ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ሥራ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

የቤት ተከላ አንድ ነገር ነው፦ 220 ቮልት፣ ሶኬት፣ አምፖል፣ ማከፋፈያ ሳጥን። የፋብሪካ ሥራ ሌላ ነው፦ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል)፣ ሞተር፣ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)። ድሬ ሁለቱም አላት። ሳቢያን በኩል ቤት ይሠራል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩም አሉ። ፋብሪካ የሚቀጥረው ወረቀት አይቶ ነው። የቤት ባለቤት ደግሞ «ከዚህ በፊት የማንን ቤት ሠራህ?» ይላል። ስለዚህ ፋብሪካ የሚያስብ ሰው መደበኛ ስልጠናውን ባይዘል ይሻለዋል።

ቀጥሎ የቤት ወጪዎን ይቁጠሩ

መደበኛ የቀን ስልጠና ቀኑን ይወስዳል። ያለ ገቢ ቤቱ ስንት ወር ይቆማል? ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ብዙ ሰው ስልጠናውን መሃል ላይ የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የቤት ኪራይ ደርሶበት ነው።

ከዚያ ሦስቱን መንገዶች ያወዳድሩ

መደበኛው በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጠው ነው። ድሬዳዋ ላይ ኢትዮ ጣሊያን፣ ሐረር ላይ ሐረር ፖሊ ቴክኒክ ሄደው ሬጅስትራር ይጠይቁ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ካለም እዚያው ያጣሩ። ሁለተኛው አጭር ስልጠና ነው። ለመጀመር ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን የሰው ቤት አያስገባም። ሦስተኛው ከባለሙያ ጋር ረዳት ሆኖ መሥራት ነው።

ቤተሰብ ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ቀን ረዳትነት፣ ማታ ትምህርት ነው። ያደክማል። ግን እጅም ጭንቅላትም አብረው ይማራሉ፤ ትንሽም ብትሆን ገቢ አለ።

ሳይከፍሉ ወርክሾፑን ይዩ

ሕንፃው አያማልልዎ። አንድ የመለማመጃ ቦርድ ለስንት ሰው ነው? እያንዳንዱ ሰልጣኝ በእጁ ገጥሞ ይፈታል ወይስ ቆሞ ያያል? የመሬት መስመር (ኤርዝ) የሚለካበት መሣሪያ አለ? እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቁ አይመዝገቡ።

ባለሙያውንም እንደዚሁ ይፈትኑት፣ በትህትና። «ጋሼ፣ ለምጣድ ስንት ካሬ ገመድ ይሄዳል? ለምን?» ይበሉት (ካሬ የገመዱ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ነው)። «አቦ፣ ወፍራም ነዋ!» ካለ ከእሱ የእጅ ሥራ ይማራሉ፤ ምክንያቱን ግን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብዎት። ጥሩ ባለሙያ ያሰላልዎታል፦ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ላይ ከተሰካ ገመዱ ይግላል። ለምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር፣ ብዙ ጊዜ 4 ካሬ፣ ያስፈልገዋል። የድሬ ሙቀት ደግሞ ገመድ የሚሸከመውን ጭነት ይቀንሳል፤ በተለይ ጣሪያ ስር ለሚያልፈው። ይህን የሚያስረዳ ሰው ካገኙ የቀን ክፍያው ቢያንስም አብረውት ይቆዩ። የሰው ቤት የሚቃጠለው እዚህች ላይ ነው።

ምዘናውን ከመጀመሪያው ያስቡ

ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል፤ ረዳት ሆኖ ለቆየ ትልቅ በር ነው። ለሚፈልጉት ደረጃ የወጣውን የሙያ ደረጃ ሰነድ ከኮሌጁ ወይም ከምዘና ማዕከሉ ይጠይቁ። የቻሉትን እየሰረዙ፣ የቀረዎትን እያሰመሩ ይሂዱ። ረዳቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት በንድፍ ማንበብና የተዘረጋውን መስመር ለክቶ በመፈተሽ ነው፤ ሳይት ላይ እነዚህን ባለሙያው ራሱ ስለሚሠራቸው። ስለዚህ «ዛሬ መለካቱን እኔ ልሥራው» ብለው ይለምኑት።

በራስዎ ስም የተከላ ሥራ ለመውሰድ ሲደርሱ የነዳጅና ኢነርጂ ባለስልጣን የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግዎታል። እዚያ የሚታየው ትምህርትና የሥራ ልምድ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ ቀኑና የሠሩት ሥራ የተጻፈበት፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይቀበሉ። ከዓመታት በኋላ ተቋራጩን ፈልጎ ማስጻፍ ከባድ ነው።