የድሮ ኮቦል ኮድ ሲሰጣችሁ የቱን ትታችሁ የቱን እንደምትቀይሩ

30 ወይ 40 ዓመት የሞላው የኮቦል (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ፕሮግራም የተሰጠው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄን የድሮ አጻጻፍ አሁንም ልጠቀምበት ወይስ ላጥፋው?" ነው። አንዳንዱ የድሮ ከሆነ ይውጣ ይላል፣ ሌላው ደሞ እየሰራ ያለ ነገር አይነካም ይላል፣ እኔ ከሁለቱም ጋ አልስማማም። ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም፣ ኮቦል ራሱ'ኮ በ1959 የተጀመረ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው)። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይሄ መስመር ምን እንደሚሰራ ለማወቅ እሱን ማንበብ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ቦታ ሄጄ መፈለግ አለብኝ? እሱን ማንበብ ከበቃ ያርጅ እንጂ ይኑር፣ ካልበቃ ግን እንደሚከተለው እንሄዳለን።

1. ምንም ሳትነኩ ውጤቱን አስቀምጡ

የድሮውን ፕሮግራም በዴታ ኮፒ ላይ አስሩጡትና የሚያወጣውን ፋይልና ሪፖርት በሙሉ ለብቻ አስቀምጡ። የወር መጨረሻና የዓመት መጨረሻ ዴታ ይኑርበት፣ ከዜሮ በታች የሆነ ሂሳብም፣ ባዶ ፋይልም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አዲሱን ውጤት ከዚህ ጋ ባይት በባይት ታወዳድራላችሁ፣ በአይን አይደለም በፕሮግራም። ይሄን ካልሰራችሁ ቀሪውን ባታነቡትም ይሻላል።

2. ኮዱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ እወቁ

ኮቦል በ1968፣ 1974፣ 1985፣ 2002፣ 2014 እና 2023 የወጡ ስታንዳርዶች አሉት፣ ለኛ ትልቁ የ1985ቱ ነው ምክንያቱም ኤንድ-ኢፍ (የኢፍ ማለትም የ"ከሆነ" መዝጊያ)፣ ኢቫሉዌት (ከብዙ አማራጭ አንዱን መምረጫ) እና እዛው ባለበት የሚጻፍ ፐርፎርም (ኮድ አስሩጦ የሚመለስ ትዕዛዝ) የመጡት ያኔ ነው። ስለዚህ ኤንድ-ኢፍ የሌለው ኮድ ስታዩ የጻፈውን ሰው አትሳደቡ፣ ሲጽፍ አልነበረማ። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ያግዛችሁ፣ ለምሳሌ ግኑ ኮቦል የተሻሩና ያረጁ ነገሮችን እየለየ ዋርኒንግ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።

3. ኦልተርን አውጡት

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ኦልተር ማለት ፕሮግራሙ እየሮጠ እያለ የአንድ ጎ ቱ (ወደ ሌላ ቦታ ዝለል የሚል ትዕዛዝ) መድረሻ የሚቀይር ትዕዛዝ ነው፣ ማለትም "ጎ ቱ ሀ" የሚል መስመር እያነበባችሁ ፕሮግራሙ ግን ወደ ለ እየሄደ ሊሆን ይችላል። የ1985ቱ ስታንዳርድ ሊወጣ ነው ብሎ ምልክት አደረገበት፣ የ2002ቱ ጨርሶ አወጣው። በምትኩ አንድ ፊደል የሚይዝ ፊልድ (ዋጋ ማስቀመጫ)፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ባለ 88 ስም (ፊልዱ ያንን ዋጋ ሲይዝ እውነት የሚሆን ስም)፣ ከዛ ኢቫሉዌት። አንድ የምትጠነቀቁት ነገር፣ ከሌላ ፕሮግራም በኮል የሚጠራ ከሆነ ኦልተር የቀየረው ነገር እስከሚቀጥለው ጥሪ እንደተቀየረ ይቆያል፣ ስለዚህ ፊልዱን ወርኪንግ-ስቶሬጅ (ዋጋው ከጥሪ ጥሪ የሚቆይበት ክፍል) ውስጥ አድርጉት፣ ሎካል-ስቶሬጅ ውስጥ ካደረጋችሁት በየጥሪው ይጠፋል።

4. ኔክስት ሴንተንስ (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

ብዙ ሰው ኔክስት ሴንተንስንና ኮንቲኒውን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ሁለቱም "ምንም አትስራ እለፍ" ይመስላሉ። ልዩነቱ የት እንደሚያልፉ ነው፦ ኮንቲኒው እዛው ኢፉ ካለቀበት ይቀጥላል፣ ኔክስት ሴንተንስ ግን የሚቀጥለው ነጥብ (በኮቦል አንድ ሴንተንስ የሚያልቅበት ".") እስካለበት ይዘላል። ይሄን እዩ፦

ኢፍ ቀሪ-ሂሳብ = 0
    ኔክስት ሴንተንስ
ኤልስ
    ፐርፎርም ወለድ-አስላ
ኤንድ-ኢፍ
ፐርፎርም ደረሰኝ-ጻፍ
ፐርፎርም ድምር-ጨምር.

ነጥቡ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ያለው። ቀሪው ዜሮ ከሆነ ደረሰኝም አይጻፍም ድምርም አይጨመርም፣ በሙሉ ተዘሏል። ኔክስት ሴንተንስን በኮንቲኒው ብትተኩት ደሞ ዜሮ ላለው ሁሉ ደረሰኝ መጻፍ ይጀምራል፣ ኮምፓይለሩም ምንም አይላችሁም። እኔ አንዴ በፋይሉ ሙሉ ሪፕሌስ ኦል (ሁሉንም በአንዴ ተካ) አድርጌ በንጹህ ኮምፓይል ሆነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ የታወቀው ወር ሲዘጋ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሪፕሌስ ኦል የምትለዋን ነገር ሳያት እጄ ይፈራል።

የሚገርመው ችግሩ የድሮው ኮድ አይደለም። ኤንድ-ኢፍ በሌለበት ዘመን ኢፍ የሚያልቀው በነጥብ ስለነበር ሁለቱም እዛው ቦታ ነው የሚያደርሱት፣ መቀየሩም አይጎዳም። አደጋው ድብልቁ ነው፣ ማለትም አንድ ሰው በኋላ መጥቶ "ላዘምነው" ብሎ ነጥቡን አንስቶ ኤንድ-ኢፍ የተካበት ቦታ። የ1985ቱ ስታንዳርድ ሁለቱን አንድ ላይ አይፈቅድም ነበር፣ የአይቢኤም ኮምፓይለር ግን ይቀበላል። ስለዚህ ፍለጋችሁ "ኔክስት ሴንተንስ የት አለ" ሳይሆን "ኔክስት ሴንተንስና ኤንድ-ኢፍ አንድ ሴንተንስ ውስጥ የት አሉ" ይሁን፣ አንድ በአንድ እዩና የጻፈው ሰው መዝለሉን ፈልጎ ነው ወይስ ሳያውቀው የሚለውን የስራውን ህግ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ኮዱ ብቻውን አይነግራችሁም።

5. ጎ ቱና ፐርፎርም ትሩ

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ በ1968 ጎ ቱ ጎጂ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ቃሉን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ፐርፎርም በሚያስሮጠው ክልል ውስጥ ወደ ፊት ሄዶ መውጫው ፓራግራፍ (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) ላይ የሚያርፍ ጎ ቱን ግን እኔ አልነካውም፣ በሌሎች ቋንቋዎች ሪተርን እንደማለት ነው። የምነካው ከክልሉ ወጥቶ የሚሄደውን ነው፣ ፐርፎርም መመለሻ አዘጋጅቶ እየጠበቀ እሱ በዛው ይቀራል። ፐርፎርም ትሩ (ከአንድ ፓራግራፍ እስከ ሌላው ያለውን በሙሉ የሚያስሮጠው) ላይ ደሞ በመነሻውና በመድረሻው መሃል አዲስ ፓራግራፍ እንዳታስገቡ፣ ማንም ሳይጠራው አብሮ ይሮጣልና።

6. የምትተዉት

ባለ 88 ስሞች የድሮ ናቸው፣ ግን "ኢፍ ሂሳብ-ተዘግቷል" ብሎ ከማንበብ የበለጠ ግልጽ ነገር አላውቅም። ኮምፕ-3ም (የቁጥር ማስቀመጫ አይነት) እንደዛው ነው። በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ ይይዛል፣ የመጨረሻው ግማሽ ባይት የምልክት (የፕላስ ወይ የማይነስ) ነው፣ 7 አሃዝ በ4 ባይት ያልቃል፣ ቁጥሩን የሚይዘው ደሞ በአስርዮሽ ነው። በባይነሪ ፍሎት (ክፍልፋይን በሁለትዮሽ የሚይዝ የቁጥር አይነት) 0.1 እንኳን በትክክል አይቀመጥም፣ ስለዚህ "እናዘምነው" ብሎ የገንዘብን ፊልድ ወደ ፍሎት የሚቀይር ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

የቋሚ ኮለም አጻጻፉም (7ኛው ለምልክት፣ ከ8 እስከ 72 ለኮድ) ከፓንች ካርድ የመጣ ነው፣ ብትተዉት አይጎዳም። ብቻ ከ72 በኋላ ያለውን ኮምፓይለሩ እንደ ኮድ አያየውም፣ ነጥብ 73 ላይ ካረፈች ለእናንተ ትታያለች ለሱ ግን የለችም፣ ያኔ ደረጃ 4ን እንደገና ማንበብ ነው።

አርፒጂ (ሌላው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ) ለምትሰሩም ጥያቄው ያው ነው። ከ01 እስከ 99 ያሉት ኢንዲኬተሮች (ቁጥር ብቻ ያላቸው የሚበሩና የሚጠፉ መጠቆሚያዎች) ላይ 40 በርቷል ማለት ምን ማለት ነው? የበራበትን ቦታ ካልፈለጋችሁ አታውቁትም፣ ስለዚህ ስም ስጡት። ከ2001 ጀምሮ በመጣው ፍሪ ፎርማት አጻጻፍ ሙቭ (ዋጋ መገልበጫ ትዕዛዝ) የለም፣ ስትተኩት ተጠንቀቁ ምክንያቱም ሙቭ ከቀኝ ጀምሮ ነው የሚሞላው፣ ምንጩ አጭር ከሆነ በግራ በኩል የነበረውን ሳይነካ ይተወዋል፣ በምትኩ የምትጽፉት ኢቫልአር ግን በባዶ ቦታ ይሞላዋል።

7. አንድ በአንድ

አንድ ቀን አንድ አይነት ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለብቻው ኮሚት አድርጉ (በለውጥ መዝገብ አስቀምጡ)፣ አወዳድሩ። ኦልተርና ኔክስት ሴንተንስን አንድ ላይ ነክታችሁ ድምሩ ቢለያይ የቱ እንዳበላሸው ለማወቅ ሁለቱንም ወደ ኋላ መመለሳችሁ አይቀርም። ውጤቱ ተለያይቶ የድሮው ነው የተሳሳተው ካላችሁ ደሞ እዛው አታስተካክሉት፣ መጀመሪያ ስህተቱን እንዳለ ይዞ የሚሄደውን አዲስ ኮድ ጨርሱ፣ እርማቱ በሌላ ኮሚት ይምጣ፣ ያቺን የተሳሳተች ቁጥር ለዓመታት እየተቀበለ ራሱ የሚያስተካክላት ሌላ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።