ድሬ ቁጭ ብሎ የኒውዚላንድን ወይን መልመድ

መጀመሪያ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት፣ ወሬው ይደርሳል። አዎ ቀዩንም። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ነው፣ ያ ክፍል ግን ድሬ ያለ ክፍል አይደለም አቦ፣ የአውሮፓ ሰው ቤት 17 ወይ 18 ዲግሪ ነው፣ እኛ ጋ ግንቦት ላይ ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ራሱ ግድግዳው ይተነፍሳል። ይሄን የተማርኩት ከስሬ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመለስ አንድ ፒኖ ኗር የሚባል ቀይ ወይን አምጥታልኝ ለበዓል ይሁን ብዬ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፣ ሁለት ወር እዛው ከርሞ ስከፍተው የተቀቀለ ፕሪም ነው የሚሸተው፣ ማርማላታ በሉት። እሷ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ "እንዴት ነው?" ትላለች፣ ምን ልበላት፣ ጥሩ ነው አልኳት።

ስለዚህ ፍሪጅ ካለ ፍሪጅ፣ ቦታ ከሌለ ደግሞ መሬት ላይ ጨለማ ጥግ ፈልጋችሁ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ አስተኙት፣ እናቶቻችን ውሃውን በእንስራ ሲያቀዘቅዙ የሚሰራው ነገር እዚህም ይሰራል። መብራት ጠፍቶ እንግዳ ከመጣ ባልዲ ውስጥ በረዶ ከነውሃው አድርጋችሁ ጠርሙሱን አንገቱ ድረስ ንከሩት፣ ውሃ የሌለው በረዶ ብቻውን ቶሎ አያቀዘቅዝም፣ ከውሃ ጋር ግን 20 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ነጩ 8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ፒኖው 14 አካባቢ ቢሆን ነው ደስ የሚለው፣ ቴርሞሜትር የለኝም ካላችሁ ነጩን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው፣ ቀዩን አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ቅዱ፣ ድሬ ላይ ከዛ በላይ ከቆየ አለቀለት።

አሁን ወደ ግዢው። ድሬ ውስጥ እየዞርኩ ኒውዚላንድ አላችሁ ስል አንዱ ባለሱቅ ቅቤ መስሎት የቅቤ ቆርቆሮ አወረደልኝ፣ እና በኔ ልምድ መንገዱ ሁለት ነው፣ ወይ አዲስ አበባ ትልልቆቹ የመጠጥ መሸጫዎች ጋ ማስፈለግ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ። ዘመድ ጋ "የኒውዚላንድ ወይን አምጪልኝ" ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት፣ ሁሌ ሶቪኞን ብላንክ የሚባለው ነጭ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም አገሪቷ ወደ ውጭ ከምትልከው ወይን አብዛኛው እሱ ነው። በስልክ ጽፋችሁ ላኩ፣ የወይኑን ዘርና የቦታውን ስም ሁለቱንም። ኦይስተር ቤይ፣ ቪላ ማሪያ፣ ኪም ክሮፎርድ፣ ክላውዲ ቤይ የሚሉትን ስሞች ኤርፖርት ሱቆች ላይ ማየት የተለመደ ነው ግን ከድርጅቱ ስም ይልቅ ከስር ያለው የቦታ ስም ነው ለናንተ የሚጠቅመው። እዛ አገር ሕጉ መለያው ላይ የተጻፈው ዘር፣ ቦታና ዓመት ቢያንስ 85 በመቶ እውነት መሆን አለበት ስለሚል ጽሁፉን ማመን ይቻላል። ዓመቱን ስታነቡ ደግሞ እንዳትሳሳቱ፣ እነሱ ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ የሚለቅሙት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፣ 2023 የሚል ጠርሙስ በኛ 2015 መጋቢት አካባቢ የተለቀመ ማለት ነው። ሶቪኞን ብላንክ ሲቆይ ይሻላል የሚላችሁን ሰው አትስሙ፣ ሁለት ሶስት ዓመት ካለፈው ያ ትኩስነቱ ይሄዳል።

ክዳኑ እንደ አምቦ ውሃ ተጠምዝዞ የሚከፈት ሆኖ ስታገኙት ርካሽ ነው ብላችሁ አትቀየሙ፣ እኔ ተቀይሜ ነበር። በፈረንጆቹ 2001 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በነሱ ናቸው) የወይን ጠማቂዎቹ ተሰባስበው ቡሽ ወይኑን ያበላሽብናል ብለው ወደ ጠምዛዛ ክዳን ዞሩ፣ አሁን ውዱም ርካሹም ማለት ይቻላል እንደዛ ነው። ለኛ ደግሞ ግልግል ነው፣ ቡሽ መንቀያ ፍለጋ ጎረቤት ማንኳኳት የለም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ብቻውን አትክፈቱ። ሁለት ጎን ለጎን። የሀረርን ቡና ዛሬ ይርጋጨፌን የዛሬ ሳምንት ብትጠጡ ሁለቱም ቡና ናቸው፣ ባንዴ ሲቀርቡ ግን ሀረሩ ፍሬ ፍሬ፣ ይርጋጨፌው አበባ አበባ እንደሚል ቡና ጠጪ ያልሆነ ሰው ራሱ ይለየዋል። ጫት አይቶ ብቻ የአወዳይ ነው አይደለም የሚል ሰው በሞላበት ከተማ እየኖርን ወይን መለየት አልችልም ማለት ያስቃል። አምስት ስድስት ሰው ሁኑና ተዋጡ፣ ለአንድ ሰው ትንሽ ትንሽ ይደርሳል፣ ይበቃል፣ የውሃ ብርጭቆም ቢሆን ችግር የለውም ሲሶውን ብቻ ቅዱና አዙራችሁ አሽቱ። ቀለል ያለውን አስቀድሙ ከበድ ያለውን አስከትሉ፣ ገና ከመጀመሪያው ከባዱን ከቀመሳችሁ ቀላሉ ውሃ ውሃ ይላችኋል።

የመጀመሪያው ማታ ሶቪኞን ብላንክ ይሁን፣ አንዱ የማርልቦሮ፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካ፣ እሱ አዲስ አበባ አይጠፋም። ማርልቦሮ የደቡቡ ደሴት ሰሜን ጫፍ ነው፣ ከሲጋራው ጋር አይገናኝም፣ በ1973 ነው እዛ በብዛት መተከል የጀመረው፣ እኛ ጋ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው፣ ዛሬ ከአገሪቱ ወይን ውስጥ ከግማሽ በጣም የሚበልጠው ከሱ ነው የሚወጣው። ቀኑ ፀሐይ ነው ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን ሳይጥል ሽታውን ይሰበስባል። ስታሸቱት አረንጓዴ ቃሪያ፣ የታጨደ ሳር፣ ከዛ ፓሽንና ዘይቱን።

እኛ ጋ ይሄን መጀመሪያ ያለው የማይጠጣ ሰው ነው። መጋላ ቅመም የሚሸጥ ጎረቤታችን አለ፣ እሱ ሻዩን ይዞ ለጨዋታው ነው የሚመጣው፣ ክዳኑ ሲከፈት ከዛ ጥግ ሆኖ "እናንተ፣ ቃሪያ ማን ቆረጠ?" አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ግን ልክ ነበር፣ ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸትተው ፓይራዚን የሚባለው ነገር ወይኑም ውስጥ አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ አፍንጫችን እሱ ነው።

ሁለተኛው ማታ ፒኖ ኗር፣ አንዱ ከማርቲንቦሮ፣ ሌላው ከሴንትራል ኦታጎ። ይሄ ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም፣ ተዋጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ሴንትራል ኦታጎ ደቡብ 45 ዲግሪ ላይ ነው፣ ዓለም ላይ ወደ ደቡብ ርቀው ከሄዱት የወይን ቦታዎች አንዱ፣ በ1860ዎቹ ወርቅ ፍለጋ ሰው የጎረፈበት ተራራማ አገር፣ ከባህር ራቅ ስለሚል በጋው ይሞቃል ክረምቱ ይበርዳል። ወይኑ ቼሪና እንጆሪ፣ ለስላሳ፣ መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ወዲያው ይወደዋል። የማርቲንቦሮው ዝም ያለ ነው፣ እንደ እንጉዳይ፣ እንደ ዝናብ የመታው አፈር፣ ብርጭቆው ላይ ቆይቶ ነው የሚናገረው። እኔ የሱ ወገን ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ አይደለችም።

ሶስተኛው ላይ ነው የኔ ልብ ያለው። ሲራ የሚባለው ቀይ፣ የሆክስ ቤይና የዝዋያችን። ሆክስ ቤይ ሰሜኑ ደሴት ላይ ነው፣ እዛ ጊምብለት ግራቭልስ የሚባል ቦታ አለ። የድሬው ደቻቱ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም፣ እዛም በ1867፣ አፄ ቴዎድሮስ ገና በህይወት ሳሉ፣ ንጋሩሮሮ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ አቅጣጫውን ቀየረና የድሮ መንገዱ ላይ ጠጠር ብቻ ትቶ ሄደ። ለበግም ለእህልም የማይሆን መሬት ተብሎ ብዙ ዘመን ተናቀ፣ በኋላ ነው ጠጠሩ ውሃ እንደማይዝ ቀን የጠጣውን ሙቀት ደግሞ ማታ እንደሚመልስ አይተው ወይን የተከሉበት። ፀሐይ ከገባች በኋላ የደቻቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ነገሩ በመቀመጫው ይገባዋል። ሁለቱን ስትቀዱ የዝዋዩ፣ ሪፍት ቫሊ የሚባለው ወይን፣ ወፈር ብሎ የበሰለ ፍሬ ሆኖ ይመጣል፣ የሆክስ ቤዩ ቀጠን ያለ ነው፣ ከሽታው ግን ቁንዶ በርበሬ። ቅመም ሻጩን ጠየቅነው፣ አንዴ ሳበና "አሁን የተፈጨ" አለ በቃ። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ሮተንዶን ራሱ ነው፣ ሲራ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲበቅል ይበዛበታል።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው፣ ከነጮቹ ሻርዶኔ ከጊዝበርን ወይ ከሆክስ ቤይ፣ ሪዝሊንግ ከኖርዝ ካንተርበሪ፣ ፒኖ ግሪን ብትዘሉትም አልቀየማችሁም። ዋይሄኬ ኦክላንድ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ጥሩ ቀይ አላት ግን ዋጋው አይቀመስም።

ምግቡ ላይ አንድ ስህተት ስለምትሰሩ ላስጠንቅቅ፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ካለ ከባድ ቀይ አትክፈቱ፣ አልኮሉ ሚጥሚጣውን ያቀጣጥለዋል። ለሱ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ሪዝሊንግ ነው መድሃኒቱ፣ ምላስ ላይ ያረግበዋል። ሶቪኞኑ ከሳምቡሳ ጋር ሎሚ ጠብ አድርጋችሁበት፣ ከቲማቲም ሰላጣም ይሄዳል። የፍየል ጥብስ በሮዝመሪ ከሆነ ሲራው። ጣፋጩን ሙሸበክ ግን ከደረቅ፣ ማለት ስኳር ከሌለው ወይን ጋር እንዳትሞክሩት፣ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆንባችኋል፣ ለሻዩ ተዉት።

የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ፍሪጅ መልሱ፣ ነጩም ቀዩም ሁለት ሶስት ቀን ይቆያል። መብራት ከሄደ ግን ጎረቤት ጠርታችሁ በዛው ማታ ጨርሱት።