የላላ የብሎን ቀዳዳ እንዴት ይጠገናል?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ደጋ የቤት በር በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰበሰባል። በሐምሌ ያበጠው በር መቃኑን እየታከከ በጉልበት ሲዘጋ፣ ማጠፊያውን የያዘው ብሎን ጥርሱ የነከሰውን እንጨት እየፋቀ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው፣ ውሎ አድሮ ብሎኑ ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይጠብቅም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወፍራም ብሎን ይገዛል። ይሁን እንጂ ወፍራም ብሎን ቀጭን የባሕር ዛፍ መቃን ሊሰነጥቅ ስለሚችልና ጭንቅላቱም በማጠፊያው ውስጥ ስለማይሰጥም፣ የሚሻለው ቀዳዳውን በእንጨትና በኮላ ሞልቶ እንደገና መብሳት ነው።

በመጀመሪያ በሩን ከፍቶ ከሥሩ ሽብልቅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ካልተደገፈ የቀሩትን ብሎኖችም ይነቅላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚላላው የላይኛው ማጠፊያ ስለሆነ እሱን ብቻ በካቻቢቴ መፍታት ይበቃል። ኮላ አቧራ ላይ ስለማይዝ፣ በቀዳዳው የቀረው ዱቄት በቀጭን ሚስማር ተጭሮ ይውጣ።

ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ስቲኪኒ ወይም ራሱ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት ነጩን የእንጨት ኮላ ቀብቶ፣ ሌላ እስከማይገባ ድረስ መጠቅጠቅና በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ነው። በጣም ከሰፋ ግን በ8 ወይም በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስተካክሎ፣ በልኩ የተጠረበ የጥድ ወይም የወይራ ችካል ከኮላ ጋር ማስገባት ይገባል። ችካሉ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይቀጥንና ይላላል። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት የተለመደ ቢሆንም ለመልክ እንጂ ለሸክም አይሆንም። ብሎኑ የላላው ከቺፑድ በተሠራ የቁም ሣጥን ላይ ከሆነም የቺፑዱ ውስጥ ስለሚፈረፈር፣ ከስቲኪኒ ይልቅ ችካል ይመረጣል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የኮላው አደራረቅ ነው። ነጩ ኮላ ብርድ ላይ ከዋለ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሥራው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀመር፤ የኮላው ዕቃም ውጭ አይደር። ብሎኑ ከ24 ሰዓት በፊት ባይገባ ይመረጣል።

ኮላው ሲደርቅ ወጣ ያለው እንጨት በስለታም ቢላ ከመቃኑ እኩል ይቆረጣል። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ይበቃል፤ መሰርሰሪያ ከሌለ ቀጭን ሚስማር መትቶ መንቀል ይቻላል። የብሎኑን ጥርስ ሻማ ቢቀቡት በቀላሉ ይገባል፤ ሳሙና ግን እርጥበት ስለሚስብ ያዝገዋል። ብሎኑን በእጅ እያዞሩ፣ ጭንቅላቱ ማጠፊያው ላይ እንዳረፈ ማቆም ይገባል።

በሩ አሁንም መቃኑን የሚታከክ ከሆነ የሚታከክበት ቦታ ብቻ በመላጊያ በስሱ ይነሣለት፤ ብዙ ከተላገ በታኅሣሥ እንጨቱ ሲሰበሰብ ብርድ የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል።