ከአያቴ ሳጥን የወጡት ብሮች ምን እንደሚያወጡ ያወቅሁበት መንገድ

ደሴ፣ ሸዋ በር ላይ አንዱ «የጃንሆይ ብር ሚሊዮን ያወጣል» ሲል ሌላው «ወረቀት ነው» ይላል። ሁለቱንም ትቼ ብሮቹን በባንኩ ስም ለየኋቸው። «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚሉት ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወጡ ናቸው፤ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ይበልጥ የሚፈልገው እነዚህን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቀየሩትን ባለ 50 እና ባለ 100 ግን ባንክም አይቀበላቸው፣ በየቤቱም ሞልተዋል። ዋጋ ያየሁት ሻጭ ከጠራው ሳይሆን በጨረታ ከተሸጠበት ነው፤ ልዩነቱ ጉድ ያሰኛል! እጥፋት የሌለው እጅግ ይበልጣል። እታለም ግን «በካውያ ልተኩስልህ» ትለኛለች፤ መተኮስና ማጠብ እኮ ዋጋውን ይገድለዋል። የመንግሥት ባንኩን ባለ 1 ብር በፕላስቲክ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ የተቀሩት ለልጆች ዕቃ ዕቃ ሆኑ።